አራት ነጥቡስ?

ከኮርፋካን ወዲህ፣ ከፉጄራ ዳርቻ፣
መርከቦች ቆመዋል መልሕቅ ጥለው ብቻ፤
ነዳጅ እስኪሞሉ ተራ እየጠበቁ፣
ሌሊቱን በመብራት ባሕሩን ሲያደምቁ።
እኔም እንደነሱ ተራዬን አውቃለሁ፤
ሜዳው ሲጠራረግ ክሬን አወጣለሁ።

አባቴ ከሚሴ የጠፍር አልጋ ሠሪ፣
ቆዳ ሲተለትል፣ ሲወጥር አዳሪ።
እኔ ደግሞ ልጁ ራኬት እወጥራለሁ፣
ሃያ አራት ኪሎ ላይ ቋጠሮ አስራለሁ።
"ሲከር ይበጠሳል" ቢልም ያገሬ ሰው፣
ያንቺ ቃል አንድ ነው፤ "አባ፣ ግማሽ ኪሎ ጨምረው!"

ትዝ ይልሻል፣ ረውዳ? ሰባት ዓመትሽ ነው፣
በሜዳ መመዝገቢያው ወረቀት ጀርባ ላይ ፊደል ስንጽፈው፤
ቃልሽ እየሮጠ መስመሩን ሲጨርስ፣
ከወረቀት ወርዶ ጠረጴዛው ሲደርስ፣
"አራት ነጥቡስ?" ስልሽ፣ "ገና አልጨረስኩማ!"
ትይኝ ነበር፤ ከውጭ የኳስ ድምፅ ሲሰማ።

ካፕቴን ሙንተሲር፣ ያ ግብፃዊው ደጉ፣
የሚከፍሉት ልጆች ወደ ጥላ ሲጠጉ፣
"ቀትር የማንም ነው፤ ግቢ!" አለሽ ባረብኛ።
ገባሽ። እኔ ደግሞ ከአጥሩ ሥር ዘበኛ፤
እናትሽም ከሳሎን፣ ጠጉር ስታጥብ ውላ፣
በረዶ ታመጣለች፣ በፌስታል ጠቅልላ።

አሁን አሥራ ስምንት። ሙያዋ ነው ይላሉ።
ሙያ!
ወጪው በዶላር ነው፤ ገቢው እንደ ዕድሉ።
ማናማ ማጣሪያ፣ ስድስት ለአንድ፣ ስድስት ለባዶ፤
የናትሽ የዕቁብ ብር ባንድ ሰዓት ነዶ።
ዶሃ ላይ ከአንዲት የታሽከንት ልጅ ጋር ክፍል ተካፍለሽ፣
"እሷም ተሸንፋ፣ ሻንጣዋ ውስጥ ፊቷን ቀብራ አለቀሰች" ብለሽ
ሳቅሽ። እኔ እዚህ ዝም አልኩ፣
የቆረጥኩትን ክር እየቆጠርኩልሽ።

ከዚያ የዛሬ ሳምንት፣ እዚሁ በደጃችን፣
በዋናው ድልድል ላይ ስምሽ ወጣልን።
ወበቁ እንደ ብርድ ልብስ ትከሻ ላይ ወድቆ፣
መለያው ላይ እሷ አምስት፣ አንቺ ሁለት፣ መረቡም ርቆ፤
ያቺ የቼክ ልጅ ድንገት ጭኗን ያዘች፤
ተቀመጠች። ፎጣ ለበሰች።
ተነሥታ እጅሽን ጨበጠች።
ሁለት አትክልተኞች፣ የኬረላ ሰዎች፣ አጨበጨቡልሽ።

መኪና ውስጥ አለቀስሽ።
"አባ፣ እኔ አይደለሁም ያሸነፍኳት። ሙቀቱ ነው።"
ልልሽ ነበር፦ ሙቀቱንስ ማን ለምዶት ነው?
የማንም ያልሆነውን ቀትር
አሥር ዓመት በላብሽ ከፍለሽበት የለም ወይ?
አላልኩም። እውነት ይሁን ማባበያ ለራሴም አልለየልኝ፤
መስኮቱን ዝቅ አደረግሁ፤ የጨው ሽታ ገባልኝ።

ሰኞ ዝርዝሩ ወጣ። ስልኩን ወደ ታች ብገፋ ብገፋ፣
የሰው ስም አላልቅ አለ፣ አውራ ጣቴ ለፋ፤
ከዚያ አገኘሁሽ፦ ከስምሽ አጠገብ አንድ ነጥብ።
አንድ ነጥብ በኛ ጽሕፈት ምን ትሆናለች?
ቃልን ከቃል ለመለየት እንኳ ሁለት ታንሳለች።
"ሦስት ይቀራል" አልኩ፣ ብቻዬን፣ እንደ ሞኝ ስቄ።

ትናንት ደግሞ በአርባ ደቂቃ ተሸነፍሽ።
ማታ መጣሽ። የተቆረጠ ክር ከወለል ለቀምሽ።
"ነገ በአውቶቡስ ሻርጃ፣ ከዚያ አውሮፕላን" አልሽኝ፤
የት እንደሆነ ግን፣ ደክሞሽ ነው መሰል፣ ሳትነግሪኝ
ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወሰደሽ፣ በጫማሽ።

አልጠየቅኩሽም አራት ነጥቡን።
ከባሕሩ አንዷ መርከብ መልሕቋን ሳበች፤
መብራቷ ቀስ እያለ ከሰልፉ ወጣች፤
ግማሽ ኪሎ ጨመርኩ፣
ጠፍሩን፣ ክሩን ማለቴ ነው፣ እንደገና ወጥሬ